«ሁልጊዜም እንዲህ ነበር»፦ የፍራንክፈርቱ ቬስትኤንድ

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጆች «በውጭ አገር ከኖርክበት ቦታ ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን፤ ግን ትዝታ ብቻ እንዳይሆን» ብለው ሲያዙኝ ብዙ አላመነታሁም። ስድስት ኪሎ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ተመርቄ፣ ጥቂት ዓመት አስተምሬ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሄድኩት ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። የደረስኩት እ.ኤ.አ. በ1990 መገባደጃ ላይ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር የአውሮፓውያኑ ናቸው። የእኛንም የእነሱንም እየቀላቀልኩ የባቼን ልጆች እንዳላደናግር።) የምጽፈው ስለ ከተማው በሙሉ ሳይሆን ስለ አንድ ሰፈር ነው። ቬስትኤንድ ይባላል።

አብዛኞቻችሁ ፍራንክፈርትን የምታውቁት በአውሮፕላን ማረፊያው ነው። ከዚያ አልፎ ከተማ የገባ ደግሞ የባንኮቹን ፎቆች ያያል። ከፎቆቹ ጀርባ፣ ከድሮው ኦፔራ ቤት ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚዘልቅ ቦክንሃይመር ላንድሽትራሰ የሚባል ጎዳና አለ። የጎዳናው ግራና ቀኝ ነው ቬስትኤንድ። ከኦፔራው ተነሥቶ ጎዳናው እስከሚያልቅበት፣ ቦክንሃይመር ቫርተ እስከሚባለው የጥንት የጥበቃ ግንብ፣ ዘና ብሎ ለሚራመድ ሰው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ዛፍ የበዛበት ሰፈር ነው። የብረት አጥር ያላቸው ቪላዎች፣ ፊታቸው በቅርጽ ድንጋይ ያጌጠ ባለ አራት ፎቅ ቤቶች፣ በየበሩ ላይ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ፤ የጠበቃ ቢሮ፣ የግል ባንክ፣ ቆንስላ፣ የጥርስ ሐኪም። ከሰዓት በኋላ በጎን መንገዶቹ ላይ የራሳችሁን እርምጃ ትሰማላችሁ። በአገሩ ውስጥ የቤት ዋጋ እጅግ ከሚወደድባቸው ሰፈሮች አንዱ ነው።

እኔ እዚያ የኖርኩት ሞልቶ ተርፎኝ እንዳልሆነ መቼም ትገምታላችሁ። በአንድ አሮጌ ቤት የመጨረሻ ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ቀጥ ብሎ መቆም የሚቻለው በመሐሏ ብቻ የሆነች ክፍል ነበረችኝ። ያከራዩኝ ከታች ፎቅ የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ የቤቱ ባለቤት አልነበሩም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቆዩ ተከራይ ነበሩና ያቺን ክፍል በርካሽ ለተማሪ ይሰጧት ነበር። ደግ ሴት ነበሩ፤ ግን ሕግ አላቸው። ከማታው 4 ሰዓት በኋላ በጫማ ደረጃ መውጣት አይቻልም። እሑድ ውሃ በብዛት ማፍሰስ አይቻልም። ወጥ መሥራት ይቻላል፤ በሩ ይዘጋ፣ መስኮቱ ይከፈት። ገና የመጀመሪያው ቀን ቁልፉን ሲሰጡኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ይህ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር።»

ይህቺ «ሁልጊዜም» የምትለዋን ቃል ነው እስካሁን ስከተላት የኖርኩት።

ከ200 ዓመት በፊት ቬስትኤንድ ሰፈር አልነበረም። ፍራንክፈርት በግንብ የተከበበች ከተማ ነበረች፤ ከግንቡ ውጭ የአትክልት ቦታና እርሻ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግንቡ ሲፈርስ ገንዘብ ያላቸው ነጋዴዎችና ባለ ባንኮች ከጠባቡ ከተማ ወጥተው በቦክንሃይም መንገድ ላይ የበጋ ቤት መሥራት ጀመሩ። ከእነዚህ አንዱ አምሸል ማየር ፎን ሮትሺልድ ነበር። የሮትሺልድን ስም የማያውቅ የለም። የማይታወቀው የት እንደተወለደ ነው። የፍራንክፈርት አይሁዶች ከ1462 ጀምሮ ዩደንጋሰ በምትባል አንዲት ጠባብ ጎዳና ውስጥ ተዘግተው ይኖሩ ነበር፤ በሯ ማታ ማታና እሑድ ይቆለፍ ነበር። አምሸል የተወለደው እዚያ ነው። በ1816 በቦክንሃይም መንገድ ላይ አንድ የአትክልት ቦታ ገዛ። በዘመኑ ከአውሮፓ ባለጸጎች አንዱ የሆነ ሰው በአንድ ጓሮ እንዲህ መደሰቱ ግር ይላል፤ ግን ሰማይ በማይታይበት ጎዳና ላደገ ሰው ዛፍና አየር ምን እንደሆነ አስቡት። ለወንድሞቹ በሚልከው ደብዳቤ ላይ ስለ አትክልቱ መጻፍ አይሰለቸውም ነበር።

በዚያን ጊዜ ለአይሁዶች የተሟላ የዜግነት መብት አልተሰጠም ነበር። እስከ 1864 ጠብቀዋል። ከዚያ ወዲህ ነው ቬስትኤንድ በእርግጥ የተገነባው። በ1866 ፕሩሲያ ነጻይቱን ከተማ ጠቅልላ ያዘች። በዚያው ዓመት ግዛቱን ያጣው የናሳው መስፍን አዶልፍ የሰበሰባቸውን የሞቃት አገር ተክሎች ሲሸጥ የፍራንክፈርት ሰዎች አክሲዮን አዋጥተው ገዙት፤ በ1871 የተከፈተው የፓልመንጋርተን የዕፅዋት ቦታ የተወለደው እንዲህ ነው። ፋብሪካና ንግድ እየደራ ሲሄድ የአትክልቱ ቦታ እየተሸነሸነ ጎዳና ሆነ፤ ቪላው ከቪላ ጎን ቆመ። ከእነዚያ ቪላዎችና አፓርታማዎች ብዙዎቹ የአይሁድ ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ ነጋዴዎችና የባንክ ሰዎች ቤት ነበሩ። በ1910 በፍራይሄር ፎም ሽታይን ጎዳና ላይ ትልቅ ጉልላት ያለው ምኵራብ ተመረቀ። ግብፅንና አሦርን የሚያስታውስ ጌጥ አለው። ምኵራቡ እንደ ሌላው ቤት ሁሉ በመኖሪያ ቤቶች መሐል ተጠግቶ ነው የተሠራው። ሰዎቹ «እኛም የዚህ ሰፈር ሰዎች ነን» እንዳሉ ያህል ነው።

ዩኒቨርሲቲውም የዚሁ ወገን ልጅ ነው። በ1914 ሲመሠረት ገንዘቡ ከመንግሥት አልመጣም፤ ከከተማው ሰዎች ኪስ ነው፤ ከለጋሾቹም ብዙዎቹ አይሁዶች ነበሩ። በጀርመን ዜጎች ራሳቸው አዋጥተው ያቆሙት ዩኒቨርሲቲ ብርቅ ነገር ነበር። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከመምህራኑ ሲሶ ያህሉ ተባረሩ። ባነጹት ሰዎች ገንዘብ የቆመ ተቋም የእነሱኑ ልጆች በር ዘጋባቸው። ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማሁት አንድ ጓደኛዬ በዩኒቨርሲቲው ካፌ፣ ሾርባችንን ስንጠጣ፣ እንደ ተራ ወሬ ሲነግረኝ ነው።

ለነገሩ የዚያን ዘመን ታሪክ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ላንሳ፤ የምኵራቡን ንድፍ ያወጣውን አርክቴክት ፍራንትስ ሮክለን። የሊኽተንሽታይን ተወላጅ ነው። በኋላ እነአዶርኖ የሠሩበትን የማኅበራዊ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ሕንጻም የነደፈው እሱ ነው። ይህ ሰው በ1933 ከናዚ ደጋፊዎች ጋር ሆኖ፣ ከበርሊን ሸሽተው ሊኽተንሽታይን የተጠለሉትን አይሁድ የቲያትር ባለቤቶች የሮተር ወንድማማቾችን አፍኖ ለመውሰድ በተደረገው ሙከራ ተካፋይ ሆነ። አልፍሬድ ሮተርና ባለቤቱ ሲሸሹ ሞቱ። ምኵራብ የሠራ እጅ ማለት ነው። ብዙ አስቤበታለሁ፤ ማብራሪያ የለኝም።

በኅዳር 1938 የከተማው ምኵራቦች ሲቃጠሉ የቬስትኤንዱ ተጎዳ እንጂ አልወደመም። ምክንያቱ ርኅራኄ አልነበረም፤ እሳቱ ወደ ጎረቤት ቤቶች እንዳይዛመት ፈርተው ነው ይባላል። ያ መሐል መሐል ተጠግቶ መሠራቱ ሕንጻውን አተረፈው። ሰዎቹን ግን አላተረፈም። በዚያው ዓመት ማክሲሚልያን ፎን ጎልድሽሚት ሮትሺልድ በቦክንሃይመር ላንድሽትራሰ የነበረውን ቤተ መንግሥት መሰል ቤቱንና የሥነ ጥበብ ስብስቡን ለከተማው አስተዳደር እንዲሸጥ ተገደደ። ዕድሜው ከ90 አልፎ ነበር። በ1940 እስኪሞት ድረስ በገዛ ቤቱ ተከራይ ሆኖ ኖረ። ዛሬ ቦታው ላይ ትንሽ መናፈሻና ትልልቅ ፎቆች አሉ፤ መናፈሻው በስሙ ይጠራል። በ1933 ሕዝብ ሲቆጠር በፍራንክፈርት ከ26,000 በላይ አይሁዶች ነበሩ። ጥቅምት 19 ቀን 1941፣ እሑድ ጧት፣ የመጀመሪያው የጅምላ ማባረር ሲጀመር ፖሊስና የናዚ ሰዎች የቬስትኤንድን በሮች አንኳኩ። ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው፣ በጠራራ ቀን፣ በከተማው መሐል ተጉዘው በምሥራቁ በኩል ወዳለው የአትክልት ጅምላ መሸጫ አዳራሽ ተወሰዱ፤ ከዚያም በባቡር ወደ ሎጅ። እሑድ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ቤቱ ነበር። ውሃ በብዛት የማይፈስስበት ቀን።

ከሰፈሩ ሰሜናዊ ጫፍ ከፍ ያለ ቦታ አለ። እዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። ያሠራው ሐኪም ሃይንሪሽ ሆፍማን ነው፤ የጀርመን ልጆች ሁሉ የሚያውቁትን «ሽትሩቨልፔተር» የተባለ የሥዕል መጽሐፍ የጻፈው። በ1901 ሐኪሙ አሎይስ አልትስሃይመር ዛሬ በስሙ የምንጠራውን በሽታ ያጠናባትን ሴት ያገኛት በዚሁ ሆስፒታል ነው። በኋላ ሆስፒታሉ ፈርሶ በ1928 ኢ.ገ. ፋርበን የተባለው ግዙፍ የኬሚካል ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱን መሥራት ጀመረ። አርክቴክቱ ሃንስ ፖልትሲሽ ነው። ሕንጻው 250 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ቀስት ሆኖ ጎብጧል፤ ፊቱ ትራቨርቲን በሚባል ወርቃማ ድንጋይ ተሸፍኗል። ውስጡ ፓተርኖስተር የሚሉት በር የሌለው፣ ሳይቆም የሚዞር ሊፍት አለ፤ ዘልለህ ትገባለህ፣ ዘልለህ ትወጣለህ። ኩባንያው በጦርነቱ ጊዜ አውሽቪትስ አጠገብ ሞኖቪትስ ላይ ፋብሪካ ሠራ፤ ሠራተኞቹ እስረኞች ነበሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩ አለቁ። ሰው የፈጁበትን መርዝ ጋዝ ይሸጥ በነበረው ድርጅትም ድርሻ ነበረው። ውሳኔ የሚፈረመው በዚህ ወርቃማ ሕንጻ ውስጥ ነበር።

የከተማው መሐል በ1944 በቦምብ ሲወድም ይህ ሕንጻ ዋነኛ ጉዳት አልደረሰበትም። አሜሪካኖች ለራሳቸው ብለው ነው የተውት የሚል ወሬ አለ። ብቻ በ1945 ገቡበት፤ የአይዘንሃወር መሥሪያ ቤት ሆነ። ዙሪያውን ያሉ መንገዶች በሽቦ ታጠሩ፤ ነዋሪው ቤቱን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ። ከአራት ዓመት በፊት ጎረቤቱ ሲወሰድ በመስኮት ያየ ሰው አሁን በተራው ሻንጣ ይዞ ወጣ፤ እሱ ግን ተመለሰ። በ1948 ሐምሌ የምዕራብ ጀርመን ሕገ መንግሥት እንዲጻፍ መንገድ የከፈቱት ሰነዶች ለጀርመን መሪዎች የተሰጡት በዚሁ ሕንጻ ነው። በ1972 ቀይ ጦር የተባለው የግራ ክንፍ ቡድን ቦምብ አፈንድቶ አንድ የአሜሪካ መኮንን ገደለ። እኔ በ1990 ስደርስ አሁንም የአሜሪካ ወታደር ነበረበት፤ ከአጥሩ ውጭ እያለፍኩ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ነበር ፓልመንጋርተን የምሄደው።

አሁን ወደ አሮጊቷ ልመለስ። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን (የእሳቸውን ቡና፣ የእኛን አይደለም) በ1970ዎቹ ሰፈሩ ውስጥ አስለቃሽ ጭስና የውሃ መድፍ እንደነበር በመጽሐፍ ማንበቤን ነገርኳቸው። ሳቁ። «አዎ፣ ያን ጊዜ መስኮት መክፈት አይቻልም ነበር፤ ዐይን ያቃጥል ነበር» አሉ። ታዲያ «ሁልጊዜም ጸጥ ያለ» የሚሉት? «እሱ ሌላ ነገር ነው።»

የዚያ «ሌላ ነገር» ታሪክ ነው የቬስትኤንድን ዛሬ የሠራው። በ1960ዎቹ የከተማው አስተዳደር ባንኮቹ ወደ ቬስትኤንድ እንዲሰፉ ፈለገ። ለቪላው የማይፈቀደው ለቢሮ ፎቅ እንደሚፈቀድ ሲታወቅ የቦታ ነጋዴዎች ቤቱን ከባለቤቶች እየገዙ ማስወጣት ጀመሩ። ተከራይ ካልወጣ ማሞቂያ ይበላሻል፣ ጣሪያ ያፈሳል። በባዶው ቤት ደግሞ፣ እስኪፈርስ ድረስ፣ ከኢጣሊያ፣ ከቱርክ፣ ከስፔን ለሥራ የመጡትን «እንግዳ ሠራተኞች» በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው፣ በአልጋ ሒሳብ፣ በውድ ያስገቡ ነበር። ባለ ጌጡ ጣሪያ ሥር፣ ማንም በማይጠግነው ቪላ ውስጥ፣ የኦፔል ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ተኝቶ ማለት ነው። ሰፈሩ ሲያረጅ ጥፋቱ በእነሱ ተሳበበ፤ አይገርምም።

በመጀመሪያ የተቃወሙት አመፀኞች አልነበሩም። በ1969 ነዋሪዎች፣ ከመካከላቸው የቤት እመቤቶችና ጠበቆች፣ የቬስትኤንድ የነዋሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ስብሰባ፣ ፊርማ፣ ክስ። አከራዬም አባል ነበሩ። ከዚያ መስከረም 19 ቀን 1970 ተማሪዎችና ቤት ያጡ የእንግዳ ሠራተኛ ቤተሰቦች ኤፕሽታይነር ጎዳና ላይ ያለ ባዶ ቤት ሰብረው ገቡ። በምዕራብ ጀርመን እንዲህ ከተያዙት ቤቶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሌሎች ቤቶች ተከተሉ። ኢጣሊያኖቹና ቱርኮቹም «ለእንዲህ ያለ ክፍል ይህን ያህል አንከፍልም» ብለው የኪራይ አድማ መቱ። ብዙ የታሪክ መጽሐፍ የተማሪዎቹን ድንጋይ ውርወራ ይጽፋል። ለእኔ የሚበልጥብኝ ያ አድማ ነው። ተማሪው ቢባረር ወላጆቹ ቤት ይሄዳል፤ አገሩ ሊመለስ የሚችልና ፈቃዱ በሥራው ላይ የተንጠለጠለ ሰው ግን ኪራይ አልከፍልም ሲል ምን እንደሚያስይዝ እኔ በመኖሪያ ፈቃድ የኖርኩ ሰው አውቀዋለሁ።

የካቲት 21 ቀን 1974 ሳይነጋ ፖሊስ በቦክንሃይመር ላንድሽትራሰና በሹማን ጎዳና ማዕዘን ላይ «ዴር ብሎክ» የሚባሉትን አራት የተያዙ ቤቶች ከበበ። ሰዎቹ ወጡ፤ ቤቶቹ በዚያው ቀን በማሽን ፈረሱ። በተከተለው ግጭት ሰፈሩ የጦር ሜዳ ይመስል ነበር። ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ዮሽካ ፊሸር ነው፤ በኋላ ከ1998 እስከ 2005 የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው። ከቤቶቹ ባለቤቶች አንዱ ደግሞ ከናዚ ካምፕ የተረፈው ኢግናትስ ቡቢስ ነበር፤ በኋላ የጀርመን አይሁዶች ማዕከላዊ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኗል። የቤት ነጋዴዎችን መቃወም በአንዳንዶች አፍ «የአይሁድ ነጋዴ» ወደሚል የቆየ መርዝ ተቀየረ። በ1985 ፋስቢንደር የጻፈው፣ «ሀብታሙ አይሁድ» የሚባል ገጸ ባሕርይ ያለበት ቲያትር ሊታይ ሲል ቡቢስና ሌሎች የአይሁድ ማኅበር አባላት መድረኩ ላይ ወጥተው ትርኢቱን አስቆሙት። ቤት የያዙ ወጣቶች ከተማ፣ አሁን መድረክ የያዙ ሽማግሌዎች ከተማ ሆነች። ፍትሕ ከማን ጋር እንደነበረች በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገረኝ የሚለኝ ካለ አልችልም። አዎን፣ ተከራዮቹ ትክክል ነበሩ። አዎን፣ ቡቢስም ትክክል ነበር።

ውጤቱ ግን ይታወቃል። አስተዳደሩ ዕቅዱን ገታ፤ በ1974 የሄሰን ክፍለ ግዛት የቅርስ ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ የተረፉት ቪላዎች እንዳይፈርሱ ሆነ። እናም ቆንጆ ሰፈር ዋጋው ናረ። ከተደበደቡት ተማሪዎች፣ አድማ ከመቱት ሠራተኞች፣ ስንቱ ዛሬ እዚያ ይከራያል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱን ታውቁታላችሁ። ዛሬ በእነዚያ ቤቶች ደጅ መኪናውን የሚያቆመው ጠበቃ፣ ቢሮው የቆመው ድንጋይ በያዙ ሰዎች ምክንያት እንደሆነ የሚያስታውስ አይመስለኝም። እኔ ያቺን ከጣሪያ ሥር ያለች ክፍል ያገኘሁት በእነዚያ ሰዎች ውለታ ነው፤ ቤቱ በ1971 ሊፈርስ ተመዝግቦ እንደነበር አሮጊቷ ነግረውኛል።

አሜሪካኖች በ1995 ሄዱ። በ2001 ዩኒቨርሲቲው ወደ ኢ.ገ. ፋርበን ሕንጻ ገባ። አገር ውስጥ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ ምናልባት የምትፈልጉት ነገር እዚያ አለ፦ የፍሮቤንዩስ ተቋም፣ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ በላካቸው ቡድኖች የተነሡ ፎቶግራፎችና የተሣሉ ሥዕሎች ያሉበት። (ከሰፈሩ ዳር፣ ቦክንሃይመር ቫርተ ላይ ባለው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከአገራችን ያመጣቸው የግዕዝ ብራናዎች አሉ። ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውን በ1698 ያሳተመው፣ በ1704ም የሞተው በዚችው ከተማ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?) ዩኒቨርሲቲው ሲገባ ጥያቄው «ይህን ሕንጻ ምን ብለን እንጥራው?» ሆነ። በአርክቴክቱ ስም ይጠራ ያሉ ነበሩ፤ ንጹሕ ስም ነው። ሌሎች አይሆንም አሉ፤ የኢ.ገ. ፋርበን ስም ይቅር ማለት ሥራውም ይረሳ ማለት ነው። በግቢው ውስጥ የነበረች የዘበኛ ቤት በ2008 መታሰቢያ ሆነች። ከሞኖቪትስ የተረፈው ኖርበርት ቮልሃይም በ1951 ኩባንያውን ከሶ፣ በ1953 በፍራንክፈርት ፍርድ ቤት ረትቶ 10,000 ማርክ ተፈርዶለት ነበር። ሚስቱንና ትንሹን ልጁን አውሽቪትስ ላይ አጥቷል። በዘበኛ ቤቷ ግድግዳ ላይ 107984 የሚል ቁጥር አለ፤ ክንዱ ላይ የተነቀሰው ነው። በዛፎቹ መሐል ደግሞ እስረኛ ከመሆናቸው በፊት የተነሡ ወጣቶች ፎቶግራፍ ቆሟል፤ ሲስቁ፣ ሲጓዙ። ተማሪው በሥሩ ሣር ላይ ተጋድሞ ሳንድዊቹን ይበላል። ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ የግቢው አደባባይም በቮልሃይም ስም ተጠራ።

እኔ ራሴ ከሰፈሩ ከወጣሁ ከ15 ዓመት በኋላ፣ ለስብሰባ ሄጄ፣ የድሮ ቤቴን ላይ ብዬ ጎራ አልኩ። አከራዬ ካረፉ ቆይተዋል። ደጃፉ ላይ፣ ድሮ ብስክሌቴን የማስደግፍበት፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ አራት ትንንሽ የነሐስ ድንጋዮች ተተክለዋል፤ እያንዳንዳቸው 10 ሴንቲ ሜትር በ10። «ሽቶልፐርሽታይነ» ይሏቸዋል፤ የሚያደናቅፉ ድንጋዮች። ስም፣ የተወለዱበት ዓመት፣ የተወሰዱበት ቀን። «እዚህ ይኖሩ ነበር» ይላል። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች። ቀኑ ጥቅምት 19 ቀን 1941። ሁለት ዓመት በዚያ ደረጃ ጫማዬን አውልቄ ወጥቻለሁ፤ የሚሉኝን ጸጥታ ጠብቄአለሁ። አከራዬ ያውቁ ነበር? በ1950ዎቹ ሲገቡ ጓዳው ውስጥ የሌላ ሰው ዕቃ ነበር? አላውቅም። ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይሉኝ እንደነበር ግን እገምታለሁ፤ «እሱ ሌላ ነገር ነው።»

ደግሞ በእሳቸው ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ምክንያቱም እኔም ስድስት ኪሎ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ገነተ ልዑል የቤተ መንግሥት ግቢ እንደነበር፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው፣ ምጽዋት ሊቀበል የተሰበሰበው ሕዝብም የተረሸነው በዚያው ግቢ መሆኑን ለፈተና አጥንቻለሁ። ኢጣሊያኖች የሠሩት፣ ጫፉ ላይ አንበሳ የተቀመጠበት የደረጃ ሐውልት ሥር ፎቶ ያልተነሣ ተማሪ አለ? በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ሚኒስትሮቹ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተገደሉ፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ያው ግቢ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተመረቀ። አንድ ዓመት ብቻ ነው በመሐሉ ያለው። እኔ ቀኑን ሁሉ በቃሌ እይዝ ነበር፤ ሳሎኑ የትኛው ክፍል እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ለመገናኛችን ስመጣ ከሁለት የባቼ ልጆች ጋር ሙዚየሙ ገባን። በር ላይ ያለውን ወጣት «ልጄ፣ አረንጓዴው ሳሎን የትኛው ነው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ ቆይ የሚያውቅ ሰው ልጥራልዎት» ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ስንጠብቀው ምሳችን አለፈብን።